ሶፍትዌሩ በነፃ፥ ባለሙያው በክፍያ

ነጋዴ ለሱቁ ኮምፒዩተር በገዛ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚጫንለት ያለ ፈቃድ የተገለበጠ ሶፍትዌር ነው። ይህም የኮምፒዩተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ የሚጠብቀውን አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከመተላለፉ በላይ፥ ቫይረስ የገባበት ቀን የዱቤው መዝገብ አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

ሕጋዊው መንገድ ግን ገንዘብ አያስወጣም። ሊብሬኦፊስና ግኑካሽ የተባሉት ክፍት ምንጭ ሶፍትዌሮች ኮዳቸው ለሁሉ የተገለጠ፥ ማንም ያለ ክፍያ ሊጭናቸው የተፈቀደ ነው፤ የመጀመሪያው ለደብዳቤና ለሠንጠረዥ፥ ሁለተኛው ለገቢና ወጪ ሒሳብ ያገለግላል። (የግብር ደረሰኝ የሚቆርጠው መሣሪያ ግን በመንግሥት የተፈቀደው እንጂ ሌላ አይሆንም።) ነገሩ ላገራችን እንግዳ አይደለም፤ ጤና ሚኒስቴር የየጤና ተቋሙን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው።

ሚኒስቴሩ ግን የራሱ ባለሙያዎች አሉት። የመካነ ሰላም ባለሱቅ መዝገቡ አልከፈት ሲለው ማንን ይጠራል? ሶፍትዌሩ ነፃ ነው ማለት ጠጋኙም በነፃ ይመጣል ማለት አይደለምና፥ የከተማው ነጋዴዎች በየወሩ እያዋጡ፥ ከመቅደላ አምባ ወይም ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒዩተር ትምህርት የተመረቀ አንድ ወጣት በጋራ እንዲቀጥሩ እናሳስባለን። በውሉም ላይ የየሱቁን መዝገብ ቅጂ በየሳምንቱ በሌላ ዲስክ እንዲያኖር ይጻፍበት።