ኮንቴነር ለሱቅ እንጂ ለጐተራ አይበጅም

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዞ በደምበጫ፣ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የሚያልፍ መንገደኛ፣ ቀድሞ በመርከብ ላይ ሲመላለስ የኖረ የብረት ሣጥን በመንገድ ዳር ቆሞ፣ በጎኑ መስኮት ወጥቶለት ሳሙናና ምስማር ሲሸጥበት ቢያይ አይደነቅም። በአገራችን ከተሞች ሁሉ ኮንቴነር ሱቅ መሆኑ ተለምዷል። አሁን የሚያሳስበው ግን አንዳንድ ባለሱቅ በመከር ጊዜ ሸቀጡን ወደ ጎን ገፍቶ፣ በዚሁ ሣጥን ውስጥ በቆሎና በርበሬ መከዘን መፈለጉ ነው።

ሣጥኑ የተሠራው ለሌላ ጉዳይ እንደ ሆነ ማስታወስ ይገባል። ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ የጭነት መኪና ባለንብረት፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1948 ዓ.ም. አይዲያል ኤክስ በተባለች መርከብ 58 የብረት ሣጥኖች ጭኖ ከኒውአርክ ወደ ሂውስተን ላከ። ከዚያ በፊት ጆንያው ሁሉ በወዛደር ትከሻ አንድ በአንድ ይጫንና ይራገፍ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሸቀጡ እንደ ታሸገ ከመርከብ ወደ መኪና ወይም ወደ ባቡር ይተላለፍ ጀመር። የአሰብ በር በ1990 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ከተዘጋብን በኋላ፣ ለአገራችን በኮንቴነር የሚመጣው ዕቃ በጅቡቲ በኩል እየገባ አብዛኛው በሞጆ ደረቅ ወደብ ይራገፋል። ሣጥኑ የተሠራው እንግዲህ ለጉዞ ነው።

ለሱቅነት ያለው ጥቅም አይካድም። ባለ 20 ጫማው ስድስት ሜትር ያህል ርዝመትና ወደ ሁለት ሜትር ተኩል የሚጠጋ ወርድ አለው። አይጥ አይቦረቡረውም፤ ሌባም በቀላሉ አይሰብረውም፤ ማዘጋጃ ቤቱ የከተማውን ፕላን ቢለውጥ ባለቤቱ ግድግዳ ሳያፈርስ በክሬን አስነሥቶ ይወስደዋል። ምስማር፣ ቆርቆሮ፣ ጨርቅና ብርጭቆ ለዓመታት ቢቀመጡበት ችግር የለም። ገዢው ግን ከክፍያ በፊት የሣጥኑን ወረቀት ይመርምር። ብዙው ኮንቴነር የመርከብ ኩባንያ ንብረት ሆኖ ሊመለስ የሚገባው ነውና፣ ቀረጡ ያልተከፈለበትና የሽያጭ ሰነድ የሌለው ሣጥን ከነሱቁ ክርክር ያመጣል።

ወደ እህሉ እንመለስ። ገበሬው ጐተራውን ከእንጨት ሠርቶ፣ በጭቃና በእበት መርጎ፣ በሣር ክዳን የሚጋርደው በከንቱ አይደለም። ሣሩ ፀሐዩን ይከላከላል፤ ጭቃው እርጥበትን መጥጦ መልሶ ይሰጣል። ብረት ከዚህ አንዱንም አያደርግም። በኅዳርና በታኅሣሥ በወይና ደጋው ቀኑ ይሞቃል፤ ሌሊቱ ይበርዳል። ቀን ላይ ሣጥኑ ሲግል ከእህሉ ውስጥ እርጥበት ተንኖ አየሩን ይሞላዋል፤ ሌሊት ጣራው ሲቀዘቅዝ ያ እንፋሎት ውሃ ሆኖ በላይኛው ጆንያ ላይ ይንጠባጠባል። የመርከብ ሰዎች ይህን የኮንቴነር ዝናብ ይሉታል። ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጆንያው ከረጠበ፣ ጣራው ቀዳዳ አለው ብሎ መበየጃ መጥራት ትርፉ ድካም ነው።

ሣጥኑ ከተዘጋ ነቀዝ አይደርስበትም የሚሉም አሉ። እነዚህ አየር የማያስገባውን ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ከኮንቴነር ጋር ማመሳሰላቸው ይመስላል። በከረጢቱ ውስጥ ነቀዝ የሚሞተው የሚተነፍሰው አየር ስለሚያልቅበት ነው። ኮንቴነር ግን በሩ በየቀኑ የሚከፈትና በጎኑም የአየር ቀዳዳ ያለው ነውና ነቀዙን አያፍነውም፤ እንዲያውም ሙቀቱ ያራባዋል።

ጉዳቱ ከሁሉ የሚከፋው በበርበሬ ነው። የቡሬና የአካባቢዋ በርበሬ ስሙ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን እርጥበት ያገኘው በርበሬ ሻጋታ ያወጣል፣ ከሻጋታውም አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ይመጣል። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎግራም ደረቅ በርበሬ ከ10 ማይክሮግራም በላይ አፍላቶክሲን ከተገኘ ወደ ገበያው አያስገባም። ይህ መጠን በዓይን አይታይም፤ በመልቀም፣ በማጠብም ሆነ በመውቀጥ አይጠፋም። የአገር ውስጡ በላተኛ እንዲህ ያለ ሚዛን ባይይዝም ሆዱ ከአውሮፓዊው ሆድ የተለየ አይደለም። ላኪው ጭነቱ ሲመለስበት ዋጋውን በጅጋና በፍኖተ ሰላም ሰብሳቢ ላይ እንደሚቆርጥ፣ ሰብሳቢውም በገበሬው ላይ እንደሚቆርጥ ለንግድ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ሌላ መጋዘን አጥቶ የግድ በኮንቴነር የሚከዝን ሰው፣ ከሣጥኑ በላይ ክፍተት ትቶ የቆርቆሮ ወይም የሣር ዳስ ይሥራ፤ ጆንያውን በእንጨት ርብራብ ላይ ያኑር፤ ከግድግዳውም ያርቀው፤ ከጥቂት ቀናት በላይም አያቆየው። ከሁሉ በፊት ግን የሚገባው እህል ደረቅ መሆኑን ይወቅ። በቆሎ እርጥበቱ ከ13 በመቶ፣ በርበሬም ከ11 በመቶ ባይበልጥ መልካም ነው።

የጅጋ ነጋዴ እስከ ዛሬ በቆሎውን በጥርሱ ነክሶ፣ በርበሬውን በመዳፉ ጨብጦ ድምፁን ሰምቶ ይገዛል። ይህ ልማድ የሚናቅ አይደለም፤ ዳሩ ግን 11ን ከ14 አይለይም። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ዋጋውም ከኮንቴነር ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። አንድ ሰው ብቻውን መግዛት ቢከብደው አምስት ወይም ስድስት ነጋዴዎች አዋጥተው ቢገዙትና ከሚዛኑ አጠገብ ቢያኖሩት፣ የኅዳር በርበሬ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ይደርስላቸዋል።