ወንበሩን የቆጠረ ሠራተኛውንም ይቁጠር

አንድ አየር መንገድ ለሩቅ ጉዞ አዲስ አይሮፕላን ባስመጣ ቁጥር ስለ ሞተሩ ኃይል፤ ስለ ክንፉ ርዝመትና ስለ ወንበሩ ምቾት ብዙ ይነገራል። ይህም መልካም ነው። ዳሩ ግን በዚያ አይሮፕላን ውስጥ ስንት ሰው ቆሞ እንደሚሠራ፤ የሚሠራውም ሰው በአሥራ ሦስት ሰዓት በረራ መካከል ጎኑን የሚያሳርፍበት ቦታ ወዴት እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በዛሬው ዕለት ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው ይህንኑ ጉዳይ ነው።

እንደሚታወቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ የነበሩት አይሮፕላኖች ከጦር ሠራዊት የተረፉ ዳግላስ ሲ 47 ነበሩ። መንገደኛው በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ በተዘረጋ ተጣጣፊ አግዳሚ ተቀምጦ፤ በመካከል ጭነት ተከምሮ ይጓዝ ነበር። አብራሪዎቹም በቲ ደብልዩ ኤ በኩል የመጡ አሜሪካውያን ነበሩ። በ1955 ዓ.ም. የቦይንግ 720 ጄት መጣ። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ የመጀመሪያው ቦይንግ 787፤ በ2008 ዓ.ም. ኤርባስ ኤ 350-900 ተከተለ። በዚሁ በ2008 ዓ.ም. በኅዳር ወር ከአዲስ አበባ ወደ ባንኮክ የተደረገው አንድ በረራ ከካፒቴኗ ጀምሮ በሴቶች ብቻ የተመራ ነበር። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ለአፍሪካ የመጀመሪያ የሆነው ኤ 350-1000 አዲስ አበባ ገባ። በዚህ በመጨረሻው አይሮፕላን ውስጥ 395 ወንበር አለ፤ 46ቱ በቢዝነስ ማዕረግ፤ 349ኙ በኤኮኖሚ ማዕረግ ናቸው።

አዲሶቹን አይሮፕላኖች ከቀድሞዎቹ የሚለያቸው አካላቸው በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ሳይሆን የካርቦን ክር በሙጫ ተነክሮና ተጋግሮ ከሚሠራ ነገር መሆኑ ነው። ይህ ነገር አይዝግም፤ የውስጡንም የአየር ግፊት ከአሉሚኒየም ይበልጥ ይሸከማል። ስለዚህ በቀድሞው ጄት የሚጓዝ ሰው 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ተራራ ላይ እንደ ተቀመጠ ሆኖ ይተነፍስ የነበረው፤ በ787ና በኤ 350 ውስጥ ከ1800 ሜትር እንደማይበልጥ ሆኖ ይተነፍሳል። ነገሩን ወደ አገራችን ብናመጣው፤ የቀድሞው አይሮፕላን መንገደኛውን አዲስ አበባ ላይ ሲያቆየው አዲሱ ባሕር ዳር ያወርደዋል ማለት ነው። ከቦሌ የተነሣ አዲስ አበቤ 12000 ሜትር ወደ ሰማይ ወጥቶ ሳለ ሳንባው ወደ ጣና ዳር መውረዱን ስናስብ ፈገግ ማለታችን አልቀረም። ይህ የመሐንዲሶች በጎ ሥራ ለሀብታምም ለድኻም እኩል የሚደርስ ነው፤ አየሩን በማዕረግ የሚከፍል የለምና።

ወንበሩ ግን በማዕረግ ይከፈላል። የ787 ንድፍ በወጣ ጊዜ ቦይንግ በኤኮኖሚ ማዕረግ በአንድ ረድፍ ስምንት ወንበር እንደሚሆን ያሳይ ነበር። አየር መንገዶቹ ግን ሒሳባቸውን ሲያሰሉ አብዛኞቹ ዘጠኝ አደረጉት፤ በስምንት ከጸኑት ጥቂቶች አንዱ የጃፓን አየር መንገድ ነው። በዘጠኙ አደራረግ የአንዱ ወንበር ስፋት 43 ሣንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ኤ 350 ጥቂት ሰፋ ያለ ስለ ሆነ በዚያው በዘጠኝ ረድፍ 46 ሣንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ይሁን እንጂ በዚሁ አይሮፕላን ላይ በአንድ ረድፍ አሥር ወንበር የገጠሙ የፈረንሳይ ኩባንያዎች አሉ። ሁለትና ሦስት ሣንቲ ሜትር በወረቀት ላይ ምንም አይደለም፤ በትከሻ ላይ ግን ከአዲስ አበባ እስከ ጓንግዡ ይሰማል።

በሌላ በኩል የአውስትራሊያው ኳንታስ ከሲድኒ ወደ ለንደንና ወደ ኒውዮርክ በቀጥታ ለመብረር ባዘዘው ኤ 350-1000 ውስጥ 238 ወንበር ብቻ እንዲሆን ወስኗል፤ በመካከሉም መንገደኛ ተነሥቶ የሚንጠራራበት ባዶ ቦታ ይኖራል። የእኛው 395፤ የእነርሱ 238 መሆኑን አይቶ ለመፍረድ መቸኮል አይገባም። እነርሱ ሃያ ሰዓት ያህል ለመብረር ብዙ ነዳጅ ስለሚሸከሙ ሰው መቀነስ ግድ ይሆንባቸዋል፤ መንገደኛቸውም የሚከፍለው ብዙ ነው። የእኛ መንገደኛ ከብዙ የአፍሪካ ከተማዎች ተሰብስቦ አዲስ አበባ ላይ አይሮፕላን የሚለውጥ ነጋዴ፤ ተማሪና ሠራተኛ ነው። ዘጠነኛው ወንበር ባይኖር የስምንቱ ዋጋ እንደሚጨምር እናውቃለን። ነገር ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፤ አንድ ረድፍ ለመጨመር ሲባል የሚነካ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የሠራተኛው ጉዳይ ነው።

ቆጥ ካልን ዘንድ የሠራተኛው መኝታ ያለው በእርግጥም ቆጥ ላይ ነው። በ787ና በኤ 350 ከመንገደኛው ራስ በላይ፤ በጣሪያውና በአይሮፕላኑ ጀርባ መካከል በተረፈው ቦታ፤ በፊት በኩል ለአብራሪዎች ሁለት አልጋ፤ በኋላ በኩል ለአስተናጋጆች ስድስት ያህል አልጋ ይሠራል። በጠባብ መሰላል ይወጣል፤ ቆሞ መሔድ አይቻልም፤ መጋረጃ፤ መብራትና ቀበቶ አለው። ከስሩ የተቀመጠው መንገደኛ ብዙ ጊዜ አያውቀውም። በብዙ የቀድሞ አይሮፕላኖች ሠራተኛው የሚያርፈው በመንገደኛ ወንበር ላይ በመጋረጃ ተከልሎ ነበርና ይህ ታላቅ መሻሻል ነው።

ሕጉም አልጋውን ይለካል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የአሜሪካ ደንብ ሁለት አብራሪዎች ብቻ ያሉበት በረራ እንደ መነሻው ሰዓት ከስምንት ወይም ከዘጠኝ ሰዓት አይበልጥም፤ ሦስት ቢሆኑ እስከ አሥራ ሦስት፤ አራት ቢሆኑ እስከ አሥራ ሰባት ሰዓት ይፈቀዳል። ከዚህም በላይ በሥራ ላይ የሚቆዩበት ጠቅላላ ሰዓት የሚወሰነው በማረፊያው ደረጃ ነው። ከመንገደኛው ተለይቶ፤ ከድምፅ ተከልሎ፤ ብርሃኑን ራሱ የሚያጠፋበት ጠፍጣፋ አልጋ አንደኛ ደረጃ ይባላል፤ ወደ ኋላ የሚዘነበል እግር መደገፊያ ያለው ወንበር ግን ሦስተኛ ደረጃ ነው። ስለዚህ የወንበሩን ንድፍ የሚፈርም ሰው ሳያውቀው የሠራተኛውን የሥራ ሰዓት ጭምር ይፈርማል።

ይህ ነገር ለእኛ በተለይ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ክንፉም ሞተሩም የሚያገኙት ኃይል ያንሳል፤ አይሮፕላኑም ሙሉ ሰውና ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሣት ይቸግረዋል። ስለዚህ ወደ ዋሽንግተን የሚሔደው በረራ ለብዙ ዓመታት በመንገድ ላይ ሲያርፍ ኖሯል፤ ከዳለስ ሜዳ ሲመለስ ግን ሜዳው ከባሕር ወለል መቶ ሜትር እንኳ ከፍ የማይል በመሆኑ በቀጥታ አዲስ አበባ ይገባል። ተነሥቶ ማረፍ፤ አርፎ እንደገና መነሣት ለሠራተኛው ሁለት ሥራ ነው። ይህን መንገድ የሚበርር ሰው እንቅልፉ በጥንቃቄ ሊጠበቅለት ይገባል።

ስለ አስተናጋጆች ቁጥርም እንናገር። የአሜሪካ ደንብ ለሃምሳ ወንበር አንድ አስተናጋጅ ያዛል። ለ395 ወንበር ስምንት ሰው ማለት ነው፤ አይሮፕላኑም ስምንት በር አለው። ይህ ግን የመጨረሻው ዝቅተኛ ቁጥር ነው እንጂ የሚበቃ ቁጥር አይደለም። ስምንቱ ሁሉ በእግራቸው ቆመው ሲሠሩ የሚተኛ የለም፤ አራቱ ቆጥ ላይ ሲወጡ አራት መቶ ለሚደርስ ሰው አራት ይቀራሉ።

በበጀት ስብሰባ ላይ አስተናጋጅ ማለት ሻይ የሚያቀርብ ሰው ነው የሚል ሐሳብ ብቅ እንደሚል እንጠረጥራለን። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1930 በአሜሪካ ቦይንግ ኤር ትራንስፖርት የቀጠራቸው የመጀመሪያዎቹ ስምንት የበረራ አስተናጋጆች ሁሉ ነርሶች ነበሩ። ከዚያም ወዲህ ያለውን ለማስረዳት አንድ ነገር ይበቃል። በ2024 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፤ በጥር 2 ቀን፤ የጃፓን አየር መንገድ ኤ 350-900 በቶክዮ ሐኔዳ ሲያርፍ በሜዳው ላይ ከነበረ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ አይሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ተቃጠለ። በትንሹ አይሮፕላን ከነበሩት ስድስት ሰዎች አምስቱ ሞቱ። በትልቁ 367 መንገደኞችና 12 ሠራተኞች ነበሩ፤ ከሠራተኞቹም ዘጠኙ አስተናጋጆች ናቸው። የመነጋገሪያው ስልክ አልሠራም። አስተናጋጆቹ በድምፅ ማጉያና በጩኸት እየተናገሩ፤ ከስምንቱ በር ሦስቱን ብቻ መርጠው ከፈቱ። በኋላ በኩል የነበረው በር የካፒቴኑ ትእዛዝ ሳይደርስ በአስተናጋጅ ፍርድ ነበር የተከፈተ። አይሮፕላኑ ዐመድ ሆነ፤ 379ኙም ሰው ወጣ። ያቺ አስተናጋጅ በዚያች ደቂቃ እንቅልፍ ያላገኘች ብትሆን ኖሮ ምን ትፈርድ ነበር?

ከእሳቱ ወዲህም የየዕለቱ ነገር አለ። ልጆቿን ለማየት ወደ ዋሽንግተን የምትሔድ፤ ከዚህ በፊት ከአውቶቡስ በቀር ያልተሳፈረች እናት፤ የመጸዳጃውን በር እንዴት እንደሚከፈት ለመጠየቅ ታፍራለች፤ ዓርብ ቢሆን የቀረበላት ምግብ የጾም መሆኑን ሳታረጋግጥ አትነካውም፤ ጎረቤቷን አስነሥቶ ማለፍ ነውር መስሏት አሥር ሰዓት ሳትነሣ ትቀመጣለች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባወጣው ጥናት ከአራት ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ ደም በእግር ሥር የመርጋቱን አደጋ በእጥፍ እንደሚያሳድግ አመልክቷል። ለያንዳንዱ ሰው አደጋው ትንሽ ቢሆንም፤ እኒህን እናት «እማማ፤ ትንሽ ይነሡና ይንቀሳቀሱ፤ እኔ እይዝዎታለሁ» የሚላቸው ሰው ጊዜም ጉልበትም ያለው መሆን አለበት። ይህን የሚያደርግ ወንበር እስከ ዛሬ አልተሠራም።

አየር መንገዱ የመንግሥት ሀብት ነው። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ያሉ፤ በየመሥሪያ ቤቱም በረዳትነት የሚሠሩ ወጣቶች ነገ የግዥ ሰነድ የሚፈርሙ ናቸው። የወንበሩ ንድፍ በአንድ ጠረጴዛ፤ የሠራተኛው ቁጥር በሌላ ጠረጴዛ ባይወሰን ደስ ይለናል። ንድፉ ሲቀርብ ከሒሳብ ሹሙና ከመሐንዲሱ ጋር አንድ የአቪዬሽን ሐኪም፤ በሩቅ መንገድ ዓመታት ያገለገለች አንዲት አስተናጋጅም ይቀመጡ። ሐኪሙ ስለ እንቅልፉ ይናገር። አስተናጋጇም ሥዕሉን አይታ፤ ጋሪው በዚህ መተላለፊያ ሲያልፍ ሰው ወደ በሩ መድረስ ይችል እንደ ሆነና እንዳልሆነ በአንድ ቃል ትንገራቸው።