በላንድ ክሩዘር የመጣ ተቆርቋሪ

«ስሜን ተራሮች ውስጥ መንገድ ማስገባት ተፈጥሮን መግደል ነው» የሚል ወግ በካፌያችን ሰንብቷል። ወጉን ያመጡት በዕረፍት ጊዜ እስከ ጨነቅ በላንድ ክሩዘር ደርሰው፣ ከጭላዳ መንጋ ጋር ፎቶግራፍ ተነሥተው የተመለሱ ጓዶቻችን ናቸው። እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ! ጨነቅ የደረሱት በምን ላይ ሄደው ኖሯል? በርረው?

ነገሩ ቀልድ ብቻ ቢሆን ባለፍነው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተከለለ፤ በ1970 ዓ.ም. ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከተጠቀሱት ምክንያቶች የዋልያው መመናመን፣ የእርሻና የግጦሽ መግፋት፣ እንዲሁም ከደባርቅ ተነሥቶ ፓርኩን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ በቧሂት በኩል ወደ ጃን አሞራ የሚሻገረው መንገድ ይገኙባቸዋል። ስጋቱን አልክድም። ዋልያው ከዚያ ገደል ሌላ መሸሻ የለውም፤ አይሱዙ ሌሊት ሲያጓራበት የት ይግባ? ስለዚህ የጭነቱን ጉዞ ከፓርኩ የሚያወጣ ተለዋጭ መንገድ ይሠራ መባሉ ትክክል ነው። ከመዝገቡ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ግን የግጭ መንደር ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ አጠገብ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ለዋልያው ሲባል ሰው ዋጋ ከፍሏል፤ ይህን የካፌው ወግ አያነሣውም።

ኧረ ለመሆኑ መንገዱን የፈለገው ማነው? የመካነ ብርሃንና የድል ይብዛ ሰው ነዋ! መኪና በማይደርስበት ደጋ ገበሬው ገብሱን በአህያ ጭኖ ሲነጋጋ ተነሥቶ ገበያ ይወርዳል። ነጋዴው ደግሞ ብልጥ ነው፤ ገበሬው ያንን ዳገት ጭነቱን ይዞ እንደማይመለስ ያውቃል። ስለዚህ ዋጋውን የሚቆርጠው ዳገቱ ነው ማለት ይቻላል። ምጥ የጠናባት ሴትስ? ቃሬዛ ላይ ተጋድማ፣ አራት ጎረምሳ እየተፈራረቀ ተሸክሟት፣ ዝናብ ከላይ ጭቃ ከታች። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ይህንን በልቦለድ ስናነበው እናለቅሳለን፤ መፍትሔው ፒስታ መንገድ ነው ሲባል ግን ተፈጥሮ ትዝ ይለናል።

በሌላ በኩል «መንገድ ካለ ቱሪስት አለ፣ ቱሪስት ካለ ልማት አለ» የሚሉትም አሉ። እነዚህም አይለቀቁ። ቱሪስቱ በእግሩ ሲሄድ ሦስትና አራት ሌሊት ያድራል፤ በቅሎ ይከራያል፤ በቅሎ ነጂ፣ ወጥ ቤት፣ መሪ፣ ባለ ጠመንጃ ስካውት ያስከትላል። ያ ብር ከመንደር መንደር ይንጠባጠባል። በመኪና ሲሄድ ግን ጠዋት ከደባርቅ ወጥቶ፣ ጨነቅ ላይ ምሳውን በልቶ፣ ማታ ጎንደር ሆቴሉ ይተኛል። ለመንደሩ የሚቀረው አቧራ ነው። መንገዱ ጥሩ በሆነ ቁጥር የበቅሎ ነጂው ተራ ይርቃል ማለት ነው፤ ይህን የልማት ሰባኪዎቻችን በሪፖርታቸው አያስገቡትም።

ታዲያ ምን ይሁን? የቱሪስቱ መኪና ፓርኩ በር ላይ ይቁም! እግር ያለው ይሂድ፣ የደከመው በቅሎ ይከራይ። የገብሱና የወላዷ መኪና ደግሞ በተለዋጩ መንገድ ዓመቱን ሙሉ ይለፍ። ዓመቱን ሙሉ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ፕሮግራም ቀበሌን ሁሉ በጋ ከክረምት በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት አቅዶ ነበር። ዳሩ ግን መንገድ የሚሞተው በውኃ ነው። ቦዩ በደለል ሲሞላ፣ ቱቦው ሲደፈን ጎርፉ መንገዱን ራሱን ቦይ ያደርገዋል፤ ደጋ ላይ አንድ ክረምት ይበቃዋል። ለምረቃው ሪባን የሚቆርጥ አይጠፋም፤ በሰኔ ዋዜማ ቦይ የሚጠርግ አካፋ ነው የሚጠፋው። ለዚያው ለመንደሩ ሰው በቋሚ ደመወዝ ቢሰጥ ምን ይጎዳል? ሥራም ነው፣ መንገዱም ይድናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ መጀመሪያ ወረርሽኙ፣ ከዚያም ጦርነቱ ቱሪስቱን ሲያስቀሩት በቅሎዎቹ ሥራ ፈቱ። ምጥ ግን አልቀረም፤ ገብሱም መታጨዱን አልተወም። መንገድ ለቱሪስት ብቻ ከታሰበ፣ ቱሪስቱ ሲቀር ግሬደሩም ይቀራል!

ለዚህ ጽሑፍ መልስ የሚሰጥ ጓድ ካለ ደስ ይለኛል፤ ገጹ ክፍት ነው። ግን ከመጻፉ በፊት ከመካነ ብርሃን እስከ ቧሂት ድረስ፣ በሐምሌ፣ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ትከሻው ላይ አድርጎ ይውጣ።