የሥዕሉን ስም ብቻ ሳይሆን የእጁንም አሻራ መዝግቡልን

ለብሪቲሽ ላይብረሪ የኢትዮጵያ ብራናዎች ክፍል ኃላፊዎች፣ ለንደን

እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ተወስደው እናንተ ዘንድ የሚገኙ 350 ያህል ብራናዎች አሉ። የመመለሳቸው ጉዳይ የራሱ ደብዳቤ ያስፈልገዋል። ዛሬ የምጽፍላችሁ በኢንተርኔት ስለምታሳዩን ሥዕሎቻቸው ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የደረሰባችሁ የሳይበር ጥቃት ዲጂታል ክምችታችሁን ዘግቶት ነበር፤ እንደገና ስታደራጁት ይህን ልመናዬን አስቡልኝ።

የመጽሐፍ ሠዓሊ ነኝ። በዲጂታል የሥዕል ማኅደሮች ውስጥ ቅዱስ ጊዮርጊስን ወይም ዘንዶውን ስፈልግ በስሙ አገኘዋለሁ። ሠዓሊው ብዕሩን ሳያነሣ በአንድ ትንፋሽ ያወረደውን ቅንድብ፣ ሁለት ጊዜ ሞክሮ በሦስተኛው የረጋለትን ጣት፣ ቀለም ሳይደርሰው የቀረውን የልብስ እጥፋት ግን የምፈልግበት ቃል አጣለሁ። በርካታ ማኅደሮች የሚከተሉት፣ አይኮንክላስ የተባለው ከኔዘርላንድ የመጣ የሥዕል ምደባ ሥርዓት የሚመድበው የተሣለውን ነገር እንጂ አሣሣሉን አይደለምና።

በእኛ ሥዕል ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን በዳጋ እስጢፋኖስ ሥዕል ላይ ስሙ ሰፍሮ ቢገኝም፣ አብዛኞቹ ሠዓሊዎቻችን ስማቸውን አልተዉልንም። የምናውቃቸው በመስመራቸው ነው። አንዱ ቅንድብንና አፍንጫን አያይዞ በአንድ መስመር ይስላል፤ ሌላው እዚያው ላይ ያቋርጣል። የክታብ ዓይኖችንማ ቀርባችሁ ተመልከቱ! የደብተራው ብዕር ሲፈጥን ቀለሙ ይሳሳል፣ ሲዘገይ ይወፍራል።

ስለዚህ ለአሣሣሉም መለያ ቃል ስጡልን፤ «ሻካራ» የሚለውን ቃል ግን በጥንቃቄ ያዙት። «ያልሠለጠነ እጅ» የመሰለ ፍርድ መለያ ቃል ሆኖ ከገባ፣ ፈላጊው ሥዕሉን ሳያየው ያልፈዋል። የሚታየውን ጻፉ፤ ንድፉ ከቀለሙ ሥር ይታያል፣ መስመሩ ተደጋግሟል፣ ተፍቆ ተስተካክሏል፣ ጥላው በጭረት ተሠርቷል። የጌቲ የሥነ ጥበብና የሥነ ሕንፃ መዝገበ ቃላት ለሥር ንድፍም ለጭረት ጥላም ቃል አለው። የአማርኛውን አቻ ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ጠይቁ፤ ቃሉ ያለው እነሱ ዘንድ ነው። መለያውም ለመጽሐፉ በጅምላ ሳይሆን ለየቅጠሉ ይሁን፤ አንድ መጽሐፍ ላይ ሁለት እጅ ሊኖር ይችላልና።

ሥዕል የማስተምራቸው ልጆች ያለቀለትን የጎንደር ፊት ሲገለብጡ መስመራቸው ይንቀጠቀጥና ያፍራሉ፤ ወረቀቱንም ይቀድዱታል። የጥንቱ ሠዓሊ እጅ የተንቀጠቀጠበትን ቅጠል በመለያ ቃሉ ፈልጌ ላሳያቸው እፈልጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመጽሐፍ ሠዓሊ፣ አዲስ አበባ