የዋካንዳው ሽማግሌ ከንፈር

ባለፈው ቅዳሜ ግቢ ካሰጣሁት ጀንፈል ላይ ዶሮ ስከለክል ሳሎን ውስጥ ጩኸት ተነሣ። ከቴፒ ሊጠይቀኝ የመጣው የ15 ዓመቱ የልጅ ልጄና እዚሁ ሚዛን ከእኔ ጋር የምትኖረው የአጎቱ ልጅ፣ የ6ኛ ክፍል ተማሪዋ፣ ተያይዘዋል።

«ወንድ ከንፈሩ ላይ ሸክላ አያደርግም!» ትላለች።

«እሱ እኮ ዋካንዳ ነው፤ የራሳቸው ባህል ነው። አንቺ ምን አገባሽ?» ይላታል።

ጠቡ የፊልም ነው። ጀንፈሉን ለዶሮዎቹ ትቼ ገባሁ።

እንደኔ ላላያችሁት አያቶች ልንገራችሁ። ፊልሙ «ብላክ ፓንተር» ይባላል፤ በየካቲት 2010 ዓ.ም. ነው የወጣው። ዋካንዳ በቅኝ ያልተገዛች፣ ቪብራኒየም የሚባል ተአምረኛ ማዕድን ያላት፣ ከዓለም ተሸሽጋ በቴክኖሎጂ የመጠቀች አፍሪካዊት አገር ናት። በእርግጥ የለችም። ስታን ሊና ጃክ ከርቢ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ለሥዕል መጽሔት የፈጠሯት በ1958 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ደራሲው በተለዋወጠ ቁጥር ታሪኩ እርስ በርሱ ይጣረሳል፤ አድናቂዎቹም በዓለም ዙሪያ ሲከራከሩበት ይኖራሉ። የእኔዎቹም ሁለቱ ከነዚያ መሆናቸው ነው።

ለምሳሌ አገሪቱ የት ናት? በፊልሞቹ ካርታ ከቱርካና ሐይቅ አጠገብ፣ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ደቡብ ሱዳን በሚዋሰኑበት ዙሪያ ትቀመጣለች። ቱርካና ማለት የእኛው ኦሞ ወርዶ የሚገባበት ሐይቅ ነው፤ ስለዚህ ጎረቤታችን ናት ማለት ነው! ታ-ነሂሲ ኮትስ የሚባለው ደራሲ በጻፈው መጽሔት ግን ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ሄዳለች። ቋንቋቸውስ? የደቡብ አፍሪካው ኮሳ ነው። «ከቱርካና እስከዚያ ድረስ ሄደው ነው የተማሩት?» አለችው ልጅቷ። እሱም አልተረታም፤ ተሸሽጎ የኖረ ሕዝብ የፈለገውን ቋንቋ ይናገራል አላት።

ደግሞ ሌላ አለ። ንጉሡን የሚያበረታው የልብ ቅርጽ ያለው ተክል ነው። ኅዳር 2015 ዓ.ም. በወጣው ሁለተኛው ፊልም ንጉሡ በሕመም ይሞታል። ታዲያ ተክሉ ለምን አላዳነውም? በመጀመሪያው ፊልም ተቃጥሏላ፤ እህቱ በላቦራቶሪ ልትሠራው ብትሞክርም አልደረሰላትም። እውነቱ ግን ተዋናዩ ቻድዊክ ቦስማን ነሐሴ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በትልቁ አንጀት ካንሰር በ43 ዓመቱ ማረፉ ነው። (ሰገራው ላይ ደም ያየ ሰው «ኪንታሮት ነው» ብሎ ቤቱ አይቀመጥ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ የነርስነት ልማዴ አይለቀኝም።)

ወደ ከንፈሩ ልመለስ። በፊልሙ ከንጉሡ አማካሪዎች አንዱ፣ የወንዝ ጎሣ ሽማግሌ፣ አረንጓዴ ሙሉ ልብስ ለብሶ የታች ከንፈሩ ላይ ትልቅ ሸክላ አድርጎ ይቀመጣል። የፊልሙ አልባሳት ባለሙያ ሩት ካርተር በዚያ ሥራዋ ኦስካር ተሸልማለች፤ እኔም ልብሱን ሳየው ዐይኔን ሞልቶታል። ነገር ግን የልጅ ልጄ እውነቷን ነው። የከንፈር ሸክላ በእኛ አገር የሱሪና የሙርሲ ሴቶች ነው። እኛ ደገኞቹ «ሱርማ» የምንላቸው፣ ራሳቸውን ሱሪ ብለው የሚጠሩት፣ ከሚዛን ወደ ደቡብ በኪቢሽ በኩል ያሉት ናቸው። ልጃገረድ ስትደርስ የታች ከንፈሯ ይበሳና እንጨት ይገባበታል፤ እንጨቱ እየተለወጠ፣ ቀዳዳው እየሰፋ ሄዶ ሸክላ ይቀበላል። የታች ፊት ጥርሶችም ይነቀላሉ። ሸክላው ይገባል ይወጣል እንጂ ተጣብቆ አይቀርም። የወንዶቹ መታወቂያ ዶንጋ የሚሉት የዱላ ግጥሚያ ነው።

ጎረምሳው ስልኩን ከፍቶ ብራዚል ውስጥ የካያፖ አለቃ ራኦኒ ከንፈራቸው ላይ ክብ እንጨት አድርገው የሚታዩበትን ፎቶ አመጣ። እውነት ነው፤ እዚያ የወንዶች ነው። አንድ ለአንድ ሆኑ። እኔም ክርክሩን ወድጄው ቡና ላፈላ ስነሣ ልጅቷ እንዲህ አለች፦

«ክፍላችን ውስጥ ከዚያ የመጣች ልጅ አለች። ዋካንዳ ነው የምንላት።»

እሱ ሳቀ። «ኤሊየን በሏት፤ ከሌላ ፕላኔት የመጣች።»

ጀበናውን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገር ነገርኳቸው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ዲፕሎማዬን ይዤ በማጂ በኩል በአንድ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። አንድ ቀን ማታ ምጥ የጠናባትን የሱሪ ሴት በቃሬዛ አመጧት። በፋኖስ አዋለድኳት፤ ወንድ ልጅ፣ ደህና ክብደት ያለው። ምጡ ሲፋፋም ግን «ይኼን ነገር ከአፏ አውጡልኝ» ብዬ ነበር፤ በወንዶቹ ፊት። አወጣችው። እኔም ተቀብዬ ደም ከነካው ጥጥ ጋር ባልዲ ውስጥ ጣልኩት። ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት።

ሌሊቱን ሁሉ አፏን በእጇ ይዛ አደረች። ውኃ ብሰጣት እንኳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የጠጣችው። ንጋት ላይ የደም ግፊቷን ልለካ ስገባ አልጋው ባዶ ነው፤ ልጇን ይዛ ሄዳለች። ሕፃኑ ቢሲጂ አልተከተበም፤ እሷም ደሟ መቆሙን ያየ የለም። ቋንቋቸውን የሚያውቀው ዘበኛችን «ሲስተር፣ የሴትየዋን ክብር ነው እኮ ባልዲ ውስጥ የጣልሽው» አለኝ። በካርዷ ላይ «ጠፍታ ሄደች» ብዬ ጻፍኩ። ማን እንዳባረራት አልጻፍኩም። በቀሩት ሁለት የአገልግሎት ዓመቶቼ ከዚያ ሰፈር አንዲትም ወላድ ወደ እኛ አልመጣችም።

ልጆቹ ዝም አሉ። ጎረምሳው ስልኩን ኪሱ ከተተ። ስለ ዋካንዳ ወግ ሁለት ሰዓት ሙሉ ማስረጃ ሲፈልግ ለዋለ ልጅ «ከሌላ ፕላኔት» ማለት አልከበደውም ነበር፤ እኔም በዚያ ዕድሜዬ አልከበደኝም።

ልጅቷ ሰኞ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ «ጠየቅኳት» አለችኝ። «እናቷ ታደርጋለች፤ እሷ ግን ገና አልወሰነችም። ወንድ እንደማያደርግም ነገረችኝ፤ ፊልሙን ስነግራት ሳቀች። በስሟ ነው የምጠራት ከእንግዲህ።» ቆየት ብላ «እማማ፣ እሷም አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብላኛለች» አለች።

«ምን?»

«የወላጆች ስብሰባ ቀን ስትስቂ አይታሻለች። ‹አያትሽ ድዷን በመርፌ ተወግታ ለምን አጠቆረችው? አንገቷ ላይ ያለው ሰማያዊ መስቀልስ ምንድን ነው? አያምም ወይ?› ብላለች።»

የ12 ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴ እጄን ይዛ፣ ነቃሿ መርፌዋን በጥላሸት እየነከረች ድዴን የወጋችበት ቀን ትዝ አለኝ። ያምማል። ለሳምንት ሽሮ እንኳ አልቀመስኩም። ደስም ብሎኝ ነበር።

ልጅቷን የፊታችን ቅዳሜ ለቡና ጠርቻታለሁ፤ መልሱን ራሴ እነግራታለሁ።