አንበሳን ዋሻ ያስገባነው እኛ ነን

ባለፈው የማስተማር ልምምዳችን ከእኛ አንዱ የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ይዞ «አንበሳ የት ይኖራል?» ሲል ጠየቀ። ክፍሉ ባንድ ድምፅ «ዋሻ ውስጥ!» አለ። አስተማሪውም «ጎበዞች!» ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈው። በዚህ ጊዜ አንድ ከቆላ የመጣ ልጅ እጁን አውጥቶ «ጋሼ፣ እኛ አገር ሣር ውስጥ ነው የሚተኛው» ቢል ተማሪው ሁሉ ሳቀበት። ጥግ ይዘን ትምህርቱን የምንታዘብ ሠልጣኞችም አብረን ሳቅን። ልጁ አፍሮ ተቀመጠ። እውነቱን የተናገረው ግን እሱ ነበር።

አንበሳ እንደ ከርከሮ ጉድጓድ ገብቶ አያድርም፤ ቋሚ ማደሪያም የለውም። በብዛት የሚኖረው በሣራማ ሜዳ፣ በግራርና በቁጥቋጦ አገር ነው። የሚያድነው እንስሳና መሸሸጊያ ካገኘ እዚያ ይሰነብታል። ከ24ቱ ሰዓት እስከ 20 የሚሆነውን በዕረፍት ያሳልፋል፤ ፀሐይ ሲበረታ ከዛፍ ጥላ ሥር ይጋደማል፣ ሲመሽ ለአደን ይነሣል።

ታዲያ የዋሻው ወሬ ከየት መጣ? አንዱ ምንጭ ተረት ነው። ያረጀው አንበሳ ታምሜያለሁ ብሎ ዋሻው ውስጥ ተኝቶ ጠያቂዎቹን ሲበላ ያልሰማ ማን አለ? ሌላው ግን ጥቂት እውነት አለበት። እንስቷ ስትወልድ ከመንጋው ተለይታ በድንጋይ መካከል ወይም ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ ትደበቃለች። ሽታቸው ጠላት እንዳይጠራባትም ደቦሎቿን በአፏ አንጠልጥላ አንድ ባንድ ከሥፍራ ሥፍራ ታዘዋውራለች። ይህ የአራስ መደበቂያ እንጂ ቤት አይደለም።

«እንግዲያው አንበሳ ደን አይገባም» ብንልም ሌላ ስሕተት ነው። በባሌ የሐረና ደን ውስጥ አንበሳ አለ። ከሱዳን ድንበር አጠገብ ባለው በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ ተመራማሪዎች በ2008 ዓ.ም. በካሜራ ፎቶግራፉን አንሥተው መኖሩን አረጋግጠዋል። አንዱ እርጥብ ደን፣ ሌላው ደረቅ ቆላ ነው።

ነገሩ ቀላል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የአንበሳ ቤት ዋሻ ነው ብለን ያስተማርነው ልጅ፣ ነገ ሣሩ ሲቃጠልና ቁጥቋጦው ሲመነጠር የአንበሳ መኖሪያ እየጠፋ መሆኑን በምን ያውቃል? «ዋሻው አለለት» ይላል እኮ! መጠጊያ ያጣ፣ የሚያድነውም ያለቀበት አንበሳ ወደ በረት ይመጣል፤ ከዚያ ከብቱም ያልቃል፣ አንበሳውም ይገደላል። እረኛውም ቢሆን ዋሻ ዋሻውን ሲሸሽ ረጅሙ ሣር ውስጥ ዘው ይላል።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። የትምህርት ዕቅድ ስናወጣ «ተማሪዎቹ ምን ያውቃሉ?» የሚለው ጥያቄ ለይስሙላ አይሁን። አንድ ልጅ ከለመድነው የተለየ መልስ ሲሰጥ «ተቀመጥ» ከማለታችን በፊት «የት አየህ?» ብለን እንጠይቀው። መምህራኖቻችንም ልምምዳችንን ሲገመግሙ ይህን ቢያዩልን ደስ ይለናል። እኛም ወደዚያው ክፍል ስንመለስ ትምህርቱን የምናስጀምረው በዚያ ልጅ ነው።