መዋጮው ሞላ፣ ቡድኑ ሞተ

ጎፈንድሚን የማያውቅ ሐበሻ የለም። ለቀብር፣ ለሕክምና፣ ቤቱ ለተቃጠለበት ወገን እየተባለ ሊንኩ በየግሩፑ ይዞራል። ገንዘቡ ሲሞላ «እግዜር ይስጥልን» ተብሎ ጉዳዩ ይዘጋል። ገንዘቡ ሞልቶ በሽተኛው ሳይድን ሲቀርስ? ገንዘቡን አይቶ «እሺ፣ ይታከም» ያለው አካል ራሱ ከዓመት በኋላ ሕክምናውን ቢያቋርጠውስ?

በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ በሀንትስቪል ከተማ የሆነው ይኸው ነው። የሞተው ሰው አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲ የወንዶች የበረዶ ሆኪ ቡድን ነው። «ለሆኪ ደግሞ ምን ያስለቅሳል?» የሚል አይጠፋም። ይህ ሰው ግን አንድ ነገር ያስብ፦ ትልቅ ተቋም የ20 ዓመት ልጅን «ና፣ አራት ዓመት ተማርልኝ፣ ተጫወትልኝ» ብሎ ከአገሩ ካስመጣው በኋላ፣ በማግስቱ «ወጪህን የሚችል ሰው ፈልግ» ማለት ይችላል ወይ? ጥያቄው ይህ ነው። ሆኪው ምሳሌ ነው።

🔹 ነገሩ እንዴት ሆነ?

በፈረንጆቹ ሜይ 2020 የአላባማ ዩኒቨርሲቲ በሀንትስቪል የወንዶች የሆኪ ቡድኑን ዘጋ። ሁለቱ የቴኒስ ቡድኖችም አብረው ተዘጉ። ምክንያት ተብሎ የቀረበው በኮሮና የተነሳ የመጣው የበጀት ችግር ነበር። የቀድሞ ተጫዋቾችና ደጋፊዎች ግን አልቅሰው አልተቀመጡም፤ ጎፈንድሚ ከፈቱ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ነውና፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ500 ሺህ ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ዩኒቨርሲቲው ውሳኔውን አጠፈ፤ ቡድኑ የ2020–21ን የውድድር ዘመን እንዲጫወት ተፈቀደለት። ወሬው «የሕዝብ ፍቅር ቡድን አዳነ» ተብሎ ተነገረ።

ሜይ 2021 ላይ፣ ልክ በዓመቱ፣ ዩኒቨርሲቲው ቡድኑን እንደገና አገደ። በዚህ ጊዜ የተሰጠው ምክንያት ገንዘብ ሳይሆን «የሚቀበለን ሊግ የለም» የሚል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ቀን መታወቅ አለበት። ቡድኑ ይጫወትበት የነበረው ሊግ፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ደብሊውሲኤችኤ የሚባለው፣ አሥር ቡድኖች ነበሩት። ከአሥሩ ሰባቱ «ትተን እንሄዳለን፣ የራሳችንን ሊግ እንመሠርታለን» ብለው ያስታወቁት በጁን 2019 ነው። ይህ መዋጮው ከመጀመሩ አንድ ዓመት ገደማ በፊት መሆኑ ነው። የቀሩት ሦስቱ ሀንትስቪልና ሁለቱ የአላስካ ቡድኖች ነበሩ፦ አንኮሬጅና ፌርባንክስ። ለብሔራዊ ውድድር በቀጥታ የማለፍ መብት እንዲኖረው አንድ ሊግ ቢያንስ ስድስት ቡድን ያስፈልገዋል። ሦስት ቡድን ይዞ ሊግ አይሆንም።

ስለዚህ ሜይ 2020 ላይ የሕዝቡ ገንዘብ ሲገባ ገደሉ በግልጽ ይታይ ነበር። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ተብሎ ደጋፊው ይወቀስ ይሆናል። ደጋፊው ግን ገደሉን አይቷል፤ ዩኒቨርሲቲው ድልድይ ይሠራል ብሎ ነበር ገንዘቡን የሰጠው። ወቀሳው የሚገባው ሳሩን አጭዶ ገደሉ አፍ ላይ ለቆለለው ነው።

🔹 የዚያ ዓመት ጨዋታ

በኮሮናው ምክንያት ሁለቱም የአላስካ ቡድኖች የ2020–21ን ዘመን ሰረዙ። በሊጉ ስምንት ቡድን ቀረ፤ ትተው የሚሄዱት ሰባቱና ሀንትስቪል። ልብ ያለው ይህን ያስተውል! የሀንትስቪል ልጆች በዚያ ዓመት በሊጋቸው የገጠሙት ቡድን ሁሉ «ያለ እናንተ እንሄዳለን» ብሎ የወሰነ ቡድን ነበር። በሬ ካራጁ ይውላል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ለመጫወት የሚጓዙት ወደ ሚሺጋን፣ ወደ ሚኒሶታ፣ ወደ ኦሃዮ ነው። ከደቡብ ተነስተው ካናዳ ጠረፍ ድረስ ይሄዳሉ።

ውጤቱ ደካማ ነበር፤ ይህ አይካድም። ያሸነፉት ጨዋታ በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠር ነው። ግን የትኛው ጎበዝ ተጫዋች ነው የነገ ዕጣው ወዳልታወቀ ቡድን የሚመጣ? የትኛው አሠልጣኝ ነው ለከርሞ ተስፋ ሰጥቶ ልጅ የሚያስፈርም? ቡድንን ለሞት አዘጋጅቶ «ይኸው ደክሟል» ማለት፣ በሽተኛን እህል ከልክሎ «ከሳ» እንደማለት ነው።

🔹 «ሆኪ የደቡብ ስፖርት አይደለም»

ይህ የመጀመሪያው ሰበብ ነው። አላባማ ሞቃት ነው፤ ሕዝቡ የሚያብደው ለአሜሪካን ፉትቦል ነው፤ በረዶ ለሰሜኖቹ ይቅር ይላሉ።

ታሪኩ ሌላ ነው የሚናገረው። የሀንትስቪል ሆኪ በ1979 ተማሪዎች የጀመሩት ነው። ቡድኑ በሁለተኛ ዲቪዚዮን የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን ሆኗል፤ አንዴም ሳይሆን ሁለቴ፣ በ1996 እና በ1998። ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ካደገ በኋላ በ2007 እና በ2010 ለብሔራዊው ውድድር አልፏል። በ2007 ኖትርዳምን ገጥሞ የተሸነፈው 3 ለ 2፣ ያውም በሁለተኛው ተጨማሪ ሰዓት ነው። የ2010ሩ ቡድን ግብ ጠባቂ ካም ታልቦት ነበር። ታልቦትን የትልቁ ሊግ ክለቦች በምልመላው ቀን አልመረጡትም ነበር። ከሀንትስቪል ወጥቶ ግን በ2016–17 ለኤድመንተን ኦይለርስ 42 ጨዋታ ያሸነፈ ግብ ጠባቂ ሆነ። ማንም ያላየውን ልጅ ያየ ቡድን ነው የተዘጋው።

ከተማዋም በረዶ ባዳዋ አይደለም። ሀቮክ የሚባል የራሷ የባለሙያዎች የሆኪ ክለብ አላት፤ ሊጉን ደጋግሞ አሸንፏል። በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ርቃ የምትገኘው ናሽቪል በ2017 ለስታንሊ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሳለች። ሙቀት ነው ችግሩ ከተባለ ደግሞ አሪዞና ከአላባማ ይሞቃል። የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2014 የ32 ሚሊዮን ዶላር ስጦታ አግኝቶ፣ በበረሃ መሃል የአንደኛ ዲቪዚዮን ሆኪ ጀመረ፤ እስከ ዛሬ ይጫወታል። በረዶ በማሽን ይሠራል። ፈቃድ ግን በማሽን አይሠራም።

🔹 «ሊግ የለም»

ሁለተኛው ሰበብ ከበድ ይላል፤ በቅንነት መመዘን አለበት። ሊግ የሌለው ቡድን ኑሮው መከራ ነው። ጥርና የካቲት ላይ ባለሊጎቹ እርስ በርስ ሲጋጠሙ እሱ ተጋጣሚ ያጣል። ጉዞው ይበዛል፣ ወጪው ይከብዳል፣ በቀጥታ ለብሔራዊ ውድድር የሚያልፍበት በርም የለውም። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

ነገር ግን ፌርባንክስም ያው ነበር የደረሰበት። የተተወው ከሀንትስቪል ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ውሳኔ ነው። ፌርባንክስ ያለችው አላስካ መሃል ነው፤ ከሀንትስቪል ይልቅ ለሁሉም ትርቃለች። ሆኖም ቡድኑ በ2021–22 ያለ ሊግ መጫወት ጀመረ። በቀጣዩ ዓመትም ለብሔራዊው ውድድር ለማለፍ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ተፎካከረ። እንግዲህ የሊግ አለመኖር ለአንዱ ሞት፣ ለሌላው ችግር ብቻ ከሆነ፣ ልዩነቱ ከሊጉ አይደለም። ልዩነቱ ያለው በቢሮው ውስጥ ነው።

🔹 መዋጮ ሲሳካስ?

«በሌላ ቦታ መዋጮ ሠርቷል እኮ» የሚል መልስ ይመጣል። ሠርቷል። ግን በምን ዋጋ?

አንኮሬጅን መመልከት ነው። በ2019 የአላስካ ገዥ ከዩኒቨርሲቲዎች በጀት 130 ሚሊዮን ዶላር በአንድ ጊዜ ሊቆርጥ ነበር፤ በድርድር በሦስት ዓመት 70 ሚሊዮን እንዲቀነስ ተስማሙ። በሴፕቴምበር 2020 የዩኒቨርሲቲው ቦርድ የአንኮሬጅን ሆኪ፣ ጂምናስቲክና የበረዶ ሸርተቴ ለመዝጋት ወሰነ፤ የሁለት ዓመት ወጪያችሁን ራሳችሁ ካመጣችሁ ትቀጥላላችሁ አላቸው። ለሆኪው 3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ሕዝቡ ለመነ፣ ሸጠ፣ አዋጣ፤ በ2021 ሞላው። ቡድኑ በ2022–23 ተመለሰ።

ሮበርት ሞሪስ ዩኒቨርሲቲም አለ፤ ከፒትስበርግ አጠገብ ነው። በኤፕሪል 2021 የኮሌጆቹ ሆኪ የመጨረሻ አራት ውድድር በፒትስበርግ ሲካሄድ አስተናጋጁ ይኸው ዩኒቨርሲቲ ነበር። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ሜይ 2021 ላይ፣ የወንዶቹንም የሴቶቹንም የሆኪ ቡድን ዘጋ። የሴቶቹ ቡድን በዚያው ዓመት የሊጉን ዋንጫ አንስቶ ለብሔራዊው ውድድር ያለፈ ነው! እንግዶችን ደግሶ ሲሸኝ የራሱን ልጆች ከቤት አስወጣ። ደጋፊው እንደገና ሚሊዮኖችን ፍለጋ ወጣ፤ ቡድኖቹ የተመለሱት በ2023–24 ነው።

እነዚህ ናቸው «የተሳኩት»። በሁለቱም ቦታ በመካከሉ ሁለት ሁለት የውድድር ዘመን ጠፋ። የኮሌጅ ተጫዋች ዕድሜው አራት ዓመት ነው። ሁለት ዓመት ሲጠፋ ግማሽ ዕድሜው ጠፋ ማለት ነው። ቡድኑ ሲመለስ የሚመለሱት ልጆች ሌሎች ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ተበትነዋል።

የተበተኑበት ጊዜም ክፉ ነበር። በአንደኛ ዲቪዚዮን የወንዶች ሆኪ ያላቸው ኮሌጆች በመላው አሜሪካ ከ60 ብዙም አይበልጡም። በኮሮናው ምክንያት በ2020–21 ለተጫወቱ ሁሉ አንድ ተጨማሪ ዓመት ስለተፈቀደ፣ በ2021 መውጣት የነበረባቸው ብዙዎች አልወጡም፤ ቦታው ሁሉ ሞልቷል። የሀንትስቪልና የሮበርት ሞሪስ ልጆች ቡድን ፈልጉ የተባሉት በዚያ ጸደይ ነው። የትምህርት ድጋፋቸው እንኳ ቢከበርላቸው ምርጫቸው ሁለት ነው፦ ወይ ትምህርቱን ይዞ ጨዋታውን መተው፣ ወይ ጨዋታውን ብሎ ከተማውን፣ ጓደኞቹን፣ የጀመረውን የትምህርት ዘርፍ መተው።

🔹 ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?

በጀት መጥበቡ ጥፋት አይደለም። ውድ ስፖርት መሆኑም እውነት ነው፤ በረዶው፣ ጉዞው፣ ጫማና ትጥቁ ሁሉ ገንዘብ ነው። ዩኒቨርሲቲ አስቦ፣ ተማክሮ፣ የያዛቸውን ልጆች አስጨርሶ አንድን ስፖርት ቢተው መብቱ ነው።

ጥፋቱ የኃላፊነት ሽሽት ነው። ተቋሙ ራሱ መመለስ ያለበትን ጥያቄ ለሕዝብ ኪስ ይወረውራል። ሕዝቡ ካልሞላ «ሕዝቡ አልፈለገውም» ይባላል። ከሞላ ደግሞ «እናያለን» ይባላል። በሁለቱም መንገድ ፈራሚው ንጹሕ ነው። ሰባቱ ኮሌጆችም ከዚህ አያመልጡም። የጉዞ ወጪ ከበደን ማለታቸው ይገባል፤ የትናንት ባልደረባን ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድን ግን «የእኛ ጉዳይ አይደለም» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

መፍትሔው ረቂቅ አይደለም።

1️⃣ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ መዋጮ ሲቀበል በጽሑፍ ይፈርም፤ ለስንት ዓመት፣ በየትኛው ሊግ፣ ካልሆነ ገንዘቡ ለማን እንደሚመለስ። ዕድር እንኳ መተዳደሪያ ደንብ አለው።

2️⃣ ቡድን የሚዘጋ ኮሌጅ ዛሬ የያዛቸው ተጫዋቾች እስኪመረቁ ያጫውት፤ አዲስ አያስፈርም፣ ያሉትን ግን ያስጨርስ።

3️⃣ ሊግ ትቶ የሚሄድ ኮሌጅ ከሚተዋቸው ቡድኖች ጋር ለተወሰኑ ዓመታት የመጫወት ግዴታ ይኑርበት። በዓመት ሁለት ጨዋታ ማንንም አያደኸይም፤ ለተተወው ግን እስትንፋስ ነው።

ይህ ሳይሆን የሚነገረው «ሕዝብ ቡድኑን አዳነ» የሚል ጣፋጭ ተረት ለቀጣዩ ዘጊ ብርታት ይሰጠዋል። «እንዝጋው፤ ከጮኹ ገንዘብ ያመጣሉ» ብሎ ያስባላ!

የሀንትስቪል ሰው ድርሻውን ተወጥቷል። ጡረተኛው፣ የቀድሞው ተጫዋች፣ ልጁን ይዞ ስታዲየም የሚገባው አባት በአንድ ሳምንት ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር አልፈው አዋጥተዋል። ልጆቹም ድርሻቸውን ተወጥተዋል፤ የሚሄዱባቸውን ሰባቱን እየገጠሙ፣ እየተሸነፉ፣ ዘመኑን እስከ መጨረሻው ተጫወቱት። ድርሻውን ያልተወጣው አንድ ወገን ብቻ ነው፤ እሱም ገንዘቡን የተቀበለው።